የጎረቤቴን ልጅ «ይሂድ» ብዬ ጻፍኩበት

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ። ስሜ ይቆይና ሰፈሬ ገንደ ቆሬ ነው። ድሬዳዋ ከተማን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምደግፈው። ዘንድሮ ሊጉ እንዳለቀ ጀመዓችን በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ› የሚል ክርክር ገጠመ። እንደ ቀልድ ተጀምሮ ወረቀትና እስክሪብቶ ወጣ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ይቆዩ፣ አስራ አራት ይሂዱ ብለን ጨረስን። ከሚቆዩት ሁለቱን የተውናቸው ስማቸው ትልቅ ስለሆነ ነው። ከሚሄዱት አምስቱ ደግሞ ብዙም አልተጫወቱም።

ከሚሄዱት አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ተከላካይ አማካይ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፣ በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ለጎረቤቱ አዳላ እንዳልባል ስሙን ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሜዳ ላይ የሚሄደው ወረፋ እንደያዘ ሰው ነው› ሲል ሁሉም ሳቀ። ቀልዷንም ከስሙ አጠገብ ጻፍኳት።

በማግስቱ ወረቀቱ ጨዋታ የምናይበት ካፌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። በእኔ የእጅ ጽሑፍ። እናቱ ሰማች። እማማ ነው የምላት። በረመዳን ለእኛ ቤት ሰንቡሳ ትልካለች፣ እኛም በፋሲካ ድፎ እንልካለን። አሁን ሰላም ስላት ‹ደህና› ብላ ታልፋለች። ቡና መጥራትም ትታለች። ሚስቴ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ደጋፊው ከክለቡ አመራር ጋር ስብሰባ ስላለው ዝርዝሩን ቆመህ አንብብ ይላሉ። አንዱማ ጭራሽ የድሬ ልጅ ያልሆነ ሁሉ ይሂድ ባይ ነው። እኔ ልጁ ዘንድሮ ጥሩ አልተጫወተም ብዬ ነው የማምነው። ባላመንኩበት ይቅርታ መጠየቅ አልፈልግም። ላንብ ወይስ ልተው? ከእማማ ጋርስ ምን ላድርግ? በዚያው ደግሞ፣ አንጋፋው በረኛችን ላይ ስምንት ሆነን አራት ለአራት ስለተከፈልን አንተ ፍረደን።

ብርቱካናማው»

ብርቱካናማው፣ በድሬ ወግ አንተ ብዬህ ልቀጥል። በዚህ ሙቀት አንቱታም ይከብዳል።

መልሱን ሳላስጠብቅህ ልንገርህ። ስብሰባው ላይ ተናገር፣ ዝርዝሩን ግን አታንብብ። ከስብሰባው በፊት ደግሞ እማማ ጋ ሂድ። ልጁ ዘንድሮ ጥሩ አልተጫወተም የሚለውን ሐሳብህን ማንም አይቀማህም። ይቅርታ የምትጠይቅበት ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ላይ እንደርሳለን።

ሚስትህ ይህን ስታነብ «አቦ፣ ዋናው የእናቲቱ ነገር ነው» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው። ግን የደጋፊ ጭንቅላት ይዘህ ነው የጻፍክልኝ። የኳሱ ነገር ሳይጠራ እዚያ ብትሄድ፣ የሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ቆመህ ስለ አሰላለፍ ማስረዳት ትጀምራለህ። ስለዚህ ከኳሱ እንጀምር።

ደብዳቤህ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍካት አንዲት ነገር አለች። አዳላ እንዳልባል ቀድሜ ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ ብለሃል። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ሚዛኑ የተዛባው። ሌሎቹን በጨዋታቸው መዘንካቸው። እሱን የመዘንከው ጓደኞችህ ምን ይሉኛል ብለህ ነው። ጎረቤትህ ባይሆን ኖሮ ስሙ ስንተኛ ላይ ይነሳ ነበር? አንደኛም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይነሳም ይችላል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ከሌላ ከተማ የመጣ ተጫዋች ሲሳሳት «ገና አልተላመደም» እንላለን። የሰፈር ልጅ ሲሳሳት ግን በስምንት ዓመቱ የሰበረውን መስታወት ሁሉ ጨምረን ነው የምንቆጥርበት።

የሚጫወትበትን ቦታ ደግሞ አስበው። የተከላካይ አማካይ ሥራ ሲሳካ የሚታይ ነገር የለም። ተመላላሹ፣ ማለትም የመስመር ተከላካዩ፣ ወደ ፊት ሲወጣ ትቶት የሄደውን ቦታ ይሸፍናል። የተጋጣሚ አጥቂ ኳስ የሚቀበልበትን መስመር ቆሞ ይዘጋል። ኳሷ በዚያ አላለፈችም፣ ስለዚህ ምንም አልተፈጠረም። ምንም ያልተፈጠረበትን ደቂቃ ደግሞ የሚያስታውስ ደጋፊ የለም። የሚታወሰው አንድ ቀን መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ተነጥቆ ጎል የገባብን ነው። ጓደኛህ ወረፋ እንደያዘ ሰው ነው ያለው አይቶ ነው፣ አልዋሸም። ግን እዚያ ቦታ ላይ የሚሯሯጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሯሯጠው ስለዘገየ ነው። ቀድሞ ቦታውን የያዘ መሮጥ አያስፈልገውም። ልጁ ከየትኞቹ እንደሆነ እኔ አላየሁትም። ጥያቄዬ አንተስ አይተኸዋል ወይ ነው።

ለምን እንደምጠይቅህ ታውቃለህ። ከ2013 የውድድር ዘመን ወዲህ ሊጉ ቡድኖቹን አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ በዙር ሆኗል የሚካሄደው። ያን ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናግደዋል። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረውም ያኔ ነው። ሊጉ በቴሌቪዥን መታየቱ መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። ለእኛ ግን መዘዝ አለው። ቡድናችንን አብዛኛውን ዓመት የምናየው ካፌ ውስጥ ሆነን ነው። ካሜራው ደግሞ የሚከተለው ኳስን ነው። ኳስ የሌለበት ሜዳ ስክሪኑ ላይ የለም። የልጁ ሥራ ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰውዬ ትልቅ ጭንቅላት ሲጨመርበትማ ጭራሽ ተወው።

ሊጉ ድሬ ሲመጣ ስታዲየም ግባና ሩብ ሰዓት ያህል ኳሱን እርሳው። እሱን ብቻ እይ። ኳስ ሳይደርሰው በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል? ከተቀበለ በኋላ ፊቱን ወደ ፊት ያዞራል ወይስ ሁልጊዜ ለበረኛው ይመልሳል? ተመላላሹ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት ነው? ይህን አይተህ «አይሆንም» ካልክ ቃልህ ክብደት አለው። እናቱ እንኳ በዚህ ልትቀየምህ አይገባም። ትቀየማለች፣ እናት ናት። ግን አይገባም።

አሁን ወደ አስራ አራቱ ልምጣ። አቦ፣ አስራ አራት! ከሃያ ሦስት ሰው አስራ አራት ካሰናበትክ ቡድኑን ማጠናከር አይባልም፣ አፍርሶ እንደገና መመሥረት ነው። አገራችን ውስጥ ተጫዋች የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። የፊፋ ደንብ እስከ አምስት ዓመት ይፈቅዳል፣ የሚጠቀምበት ግን ብዙ የለም። ስለዚህ በየክረምቱ ግማሹ ቡድን ይሄዳል፣ ግማሹ ይመጣል። ነሐሴ ላይ ይተዋወቃሉ። ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ሳይነጋገሩ መግባባት የሚጀምሩት ሚያዝያ አካባቢ ነው። ያኔ ወራጅ ቀጠናው ተረከዝ ላይ ደርሷል። ሰኔ ላይ ደግሞ እናንተ ወረቀት ታወጣላችሁ። ድሬዳዋ ከተማ በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ከተቀላቀለ ወዲህ ስንት «አዲስ ቡድን» እንዳየህ እስቲ ቁጠር። ከነሱ ስንቱ ነው ሦስት ዓመት አብሮ የቆየው?

እነዚያ አምስቱ ብዙም ያልተጫወቱት ይበልጥ ይገርሙኛል። ያላየኸውን ሰው በምን መዝነህ ነው ይሂድ ያልከው? አሁን በአንድ ጨዋታ አምስት ሰው መቀየር ይቻላል። ሊጉ በዙር ሲሆን ጨዋታዎቹ በየጥቂት ቀኑ ይደራረባሉ። በድሬ ሙቀት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የሚጫወተው እግር የተቀያሪ ወንበሩ ነው። ወንበሩን ባዶ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አቋማችን ለምን ይወርዳል» ብላችሁ ልትጠይቁ ነው።

«ይሂድ» የሚለው ቃል ራሱ ወረቀት ላይ ነው የሚቀለው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ይሸኛል፣ ይመሰገናል፣ አለቀ። አንድ ዓመት የቀረው ግን አይባረርም። ተጫዋቹ አቋሙ ወረደ ማለት ብቻውን ውል ለማፍረስ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ የፊፋ ውሳኔዎች ደጋግመው የያዙት አቋም ነው። ክለቡ ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተው ካሳ ይከፍላል፣ ስሌቱ የሚነሳው ከቀሪው የውሉ ደሞዝ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ክለብ የሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ካሳውን ያልከፈለ ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል። እንግዲህ ከአስራ አራቱ ስንቱ ውል እንዳላቸው ሳታውቅ ያወጣኸው ዝርዝር፣ አመራሩ ቢቀበለው የሚከፍለው ከከተማው ካዝና ነው። ከዚያ የተረፈው ነው አዲስ አጥቂ የሚገዛው። አጥቂ ደግሞ በርካሽ አይገኝም። አቡበከር ናስር በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና ያስቆጠረው ዓይነት 29 ጎል በየክረምቱ ገበያ አይወጣም።

ስማቸው ትልቅ ስለሆነ የተዋችኋቸው ሁለቱም አላሳመኑኝም። የሰፈርህን ሽማግሌዎች ስለ 1968 ዓ.ም. ጠይቃቸው። የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ነበር የተደረገው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው የመጣችው፣ ከሁለት ዓመት በፊትም የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ከምድቡ መጨረሻ ሆና ተመለሰች። ዋንጫውን በመጨረሻ ሞሮኮ ወሰደችው። ስም ጎል ቢያገባ ኖሮ ዛየር ከድሬ እንደዚያ አትሄድም ነበር። እነዚያን ሁለቱን ማስቀረት ካለባችሁ ዘንድሮ ባደረጉት አስቀሩ። ያለዚያ ልጁን የመዘናችሁበት ሚዛን ለነሱም ይሁን።

የድሬ ልጅ ያልሆነ ሁሉ ይሂድ የሚለውን ጓደኛህን ሻይ ጋብዘውና ስለ ጥጥ አውራው። በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የድሬ ኩራት ነው፣ ይህን እሱም አይክድም። በዚያ ማሊያ ከተጫወቱት ትልቁ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። የተወለደው አስመራ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ እሱ ነበር። በጓደኛህ ሕግ ሉቺያኖ ሻንጣውን ይዞ ለገሃር መውረድ ነበረበት። ለነገሩ ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ይዞት በመጣ ሰው የቆመች ከተማ ናት። የጓደኛህ አያት ከየት እንደመጡ ጠይቀውና መልሱን ለብቻህ ሳቅበት።

አንድ ነገር ላይ ግን ጓደኛህን አልጥለውም። ቁጭቱ እውነት ነው። በየሰፈሩ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሞልቷል። ዋናው ቡድን ግን ለአንድ ዓመት የሚቆይ ሰው ከሌላ ከተማ ያስፈርማል። ጥያቄው መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። የመጡትን አባሩ ከማለት ይልቅ፣ ከ20 ዓመት በታች ካሉት ስንቱ ዘንድሮ ስንት ደቂቃ ተጫወተ ብሎ ይጠይቅ። ያኔ እኔም ከጎኑ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።

ስለ ስብሰባው እንግዲህ። አታንብብ ያልኩህ ፈሪ ሁን ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ዝርዝሩ ለአመራሩ እጅግ ይመቸዋል። አስራ አራት ስም ታነባለህ፣ ይጨበጨብልሃል። መድረክ ላይ ያሉት ይጽፋሉ። ከዚያ «የደጋፊውን ድምፅ ሰምተናል» ይሉና ውላቸው ያለቀ አራት ልጆች ይሸኛሉ። የዓመቱ ጥፋት ሁሉ በነሱ ትከሻ ይወጣል። እነዚያን ልጆች ማን አስፈረማቸው የሚለው ሳይነሳ ይቀራል። ስም ስትጠራ ከላይ ያሉትን ከተጠያቂነት ነው የምታድናቸው።

ክለቡ በዋናነት የሚኖረው በከተማው አስተዳደር በጀት ነው። ስለዚህ ለመጠየቅ ፈቃድ አትፈልግም። ዘንድሮ የስንት ተጫዋች ውል ያልቃል ብለህ ጠይቅ። ተጫዋች የሚመርጠው አሰልጣኙ ነው፣ ኮሚቴ ነው ወይስ ደላላ ነው በል። ይቺን ጥያቄ በደንብ ያዛት። አሰልጣኝ ሳይቀጠር ተጫዋች ከተፈረመ፣ በኋላ የሚመጣው ሰውዬ በሌላ ሰው ምርጫ ነው የሚፈረድበት። ደሞዝ በወቅቱ ተከፍሏል ወይ በል። ሦስት ወር ደሞዝ ያልደረሰው ሰው ለምን አልሮጠም ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ለእናንተም ለወረፋ ቀልደኛው ጓደኛህም ማለቴ ነው። የታዳጊዎቹን ጉዳይም አንሳ። ጨዋታ ላይ ያየኸውን ደግሞ ያለ ስም ተናገር። «ከማዕዘን ምት ብዙ ጎል ገብቶብናል»፣ «ኳስ ከኋላ መሥርተን መውጣት አልቻልንም»፣ «በመስመር በኩል የሚያሻግር የለንም» በል። አሰልጣኙ ማንን እንዳልክ ያውቃል። አመራሩም ምን መግዛት እንዳለበት ያውቃል። ጀመዓህ ቢያኩርፍ የጫት ሂሳቡን አንድ ቀን አንተ ዝጋና ይለፍ።

አሁን እማማ።

ይቅርታ የምትጠይቀው «ጥሩ አልተጫወተም» ስላልክ አይደለም። እሱን ሐሳብ ይዘህ መኖር ትችላለህ፣ ልጁም በሙያው ከሰው የሚሰማው ነው። የሚጠየቅበት ሌላው ነው። ጓደኞችህ ሲስቁበት አብረህ ስቀሃል። ሳቁን በእጅህ ጽፈሃል። ጽሑፍህ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ቡና የሚጠጣበት ግድግዳ ላይ ወጥቷል። የለጠፈው ሌላ ሰው መሆኑ ምንም አያድንህም፣ ሂድና ለጣፊውን ከመፈለግ ራስህን አሳርፍ። እማማ ስለ ተከላካይ አማካይ ምንም ላታውቅ ትችላለች። የእጅ ጽሑፍህን ግን የምታውቀው ከልጅነትህ ነው። የጎዳት ያ ይመስለኛል። ልጇን ሜዳ ላይ የሚሰድብ ሰው ሞልቷል፣ ለምዳዋለች። ከራሷ ግቢ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

ማምሻውን ሂድ፣ ፀሐይዋ ስትበርድና ሰው ደጅ ደጁ ላይ ሲቀመጥ። ቡናና ስኳር ይዘህ ሂድ። ሚስትህን አስከትል፣ ይህ ሐሳብ የሷ ስለሆነ ይገባታል። ሽማግሌ አትላክ። ነገሩ ገና ትንሽ ነው፣ ሽማግሌ ከገባበት ይተልቃል። ስትደርስ ረጅም አታውራ። «እማማ፣ በልጅሽ ላይ ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ፣ ጻፍኩትም። ይህ ከእኔ አይጠበቅም ነበር» በላት። እዚያ ላይ አቁም። «ግን እኮ ዘንድሮ...» የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች ስኳሩን ይዘህ ተመለስ። ስለ ውሉ አትጠይቃት። ይፈርማል ወይስ ይሄዳል የሚለው የቤቱ ጉዳይ ነው። ምናልባት የዚያ ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ውል ሊሆን ይችላል። ወዲያው ካልፈታችልህ አትደነቅ። ቡናው አቦል ላይ ቀርቶ ቶና ሳይደርስ ልትነሳ ትችላለህ። ሰላምታህን አታቋርጥ፣ ፋሲካ ሲደርስ ድፎውን እንደ ሁልጊዜው ላክ።

ልጁን ለብቻው አግኘው። ለሱ ሌላ ንግግር ነው ያለህ። እሱ ኳስ ተጫዋች ነው፣ እውነቱን ብትነግረው ይችላል። እንዲያውም ብትዋሸው ያውቅብሃል። «ዘንድሮ አልተመቸኸኝም፣ ግን ያየሁህ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ምን እንድትሠራ ነበር የታዘዝከው?» በለው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ምናልባት የተመላላሹን ቦታ እንዲሸፍን ብቻ ታዞ ይሆናል። ምናልባት ጉልበቱን እያመመው ሲጫወት ከርሞ ይሆናል። ምናልባትም «እውነትህን ነው፣ መጥፎ ዓመት ነበር» ይልህ ይሆናል። ሦስቱም ከወረቀትህ የተሻለ መረጃ ነው። የነገረህን ግን ጀመዓ ላይ አታውጣው! አደራ። ይህን ካወጣኸው እኔም አላስታርቅህም።

ወረቀቱ እስካሁን ካፌው ውስጥ ካለ ቀን በቀን፣ ሰው እያየህ፣ አንተው ንቀለው። ማታ ተደብቀህ ብትነቅለው «ፈርቶ ነው» ይሉሃል። በወረፋ የቀለደው ጓደኛህ ቢስቅ ይሳቅ። በዚህ ዕድሜው ሜዳ ገብቶ አስር ደቂቃ እንዲሮጥ ጋብዘው።

ስለ በረኛው አራት ለአራት ተከፍላችሁ ፍረደን ብለሃል። ዕድሜውን አልጻፍክልኝም፣ ግን «አንጋፋው» ስላልከው ከ30 ዓመት በላይ ነው ብዬ ልያዘው። በረኛ በዚህ ዕድሜ አያረጅም፣ አጥቂ ነው የሚያረጀው። የኔ ፍርድ ይህ ነው። ሁለተኛው በረኛ ገና ልጅ ከሆነ አንጋፋውን ለአንድ ዓመት አስፈርሙት፣ ለሁለት አይሆንም። ወጣቱ በረኛ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቢያንስ ጥቂት ጨዋታ ጎል ላይ እንዲቆም አሰልጣኙ ያስብበት። ሁለተኛው በረኛ ልምድ ያለው ከሆነ ግን አንጋፋውን በክብር ሸኙትና ደሞዙን በመስመር በኩል ለሚያሻግር ሰው አውሉት። አሁንም አራት ለአራት ከሆናችሁ ዘጠነኛ ሰው ወደ በርጫው ጨምሩ።